በሾላው በኩል ያለው መስመር

አምቦ ውስጥ የድሮውን የኳስ ሜዳ በኖራ የሚያሰምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሚኖሩት በሜዳው ጥግ ካለው ሾላ አጠገብ፣ የቡድኑ ዕቃ በሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ ነው። ሲባጎ መወጠርን፣ ችካል መትከልን፣ ኖራ በጣሳ መበተንን ከእሳቸው ተማርኩ። በሜትር መለካትን ግን ከመጽሐፍ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። እሳቸው የሚለኩት በእርምጃ ነበር።

በገበያው በኩል ያለው መስመር ልክ መቶ ሜትር ነው። በሾላው በኩል ያለው ዘጠና ሰባት። ዛፉ መንገድ ስለዘጋባቸው የማዕዘኑን ባንዲራ ከግንዱ ፊት አቁመውታል። ስለዚህ የጎሉ መስመር ሰያፍ ይሄዳል፤ ጎሉም አብሮት ትንሽ ዞሯል። አንድ ከካቺሲ የመጣ አጥቂ ሁለቴ ከሳተ በኋላ፣ "ይሄ ጎል ፊቱን ያዞራል!" ብሎ ሲምል ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም።

ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ሲያልፍ፣ ሜዳው ወደ ጊንጪ መውጫ ይዛወር አይዛወር የሚል ክርክር ተነሳ። የሊጉ ደንብ መቶ ሜትር ይጠይቃል። ካልሞላ ቡድኑ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም ክፍላቸውን ይለቃሉ። ሾላው ይቆረጥ ለማለት የደፈረ አልነበረም፤ የአገር ሽማግሌዎች እርቅ የሚያወርዱት ከሥሩ ተቀምጠው ነው።

በስብሰባው ዋዜማ ሲባጎውን እየጠቀለሉ፣ "ነገ ይጠይቁሃል፣ ኢልማ ኮ። መቶ በል" አሉኝ።

"በየትኛው በኩል ቢሉኝስ፣ ኦቦ?"

"ልጄ እያልኩህ ነው። አንተ ካላነሳኸው በየትኛው በኩል ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?"

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ።

"እዚያ ጎል ስናገባ ጩኸቱን የሚሰማው ጊንጪ ነው!" አለች ከሜዳው አጥር ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት።

"ጥሩ ነዋ፣ ደጋፊ ይጨምርልናል" አለ አንድ መምህር።

"አንተማ ሞተር አለህ። እኔ በእግሬ እስክደርስ ዳኛው እራቱን በልቷል።"

ሳቁ ሳያባራ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታና እኔን አስነሳኝ። "በሁለቱም በኩል ለክተሃል?"

ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዞር ብለው አላዩኝም።

"በገበያው በኩል መቶ" አልኩ። "በሾላው በኩል ዘጠና ሰባት።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነስተው ወጡ። ሲሚንቶው ላይ ከጫማቸው የረገፈ የኖራ ዱካ እስከ በሩ ድረስ ቀረ።

ሜዳው እንዲዛወር ተወሰነ፤ የጎሎቹን ብረት ነቅለው በአይሱዙ ወሰዱ። የክፍሏ በር ተቆለፈ። ሽማግሌው ካቺሲ፣ እህታቸው ዘንድ ሄዱ ተባለ።

አዲሱን ሜዳ እኔ አሰመርኩ። በሁሉም በኩል ልክ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ማለዳ ወደዚያ ስሄድ በድሮው ሜዳ አለፍኩ፤ ጉሙ ውስጥ ነጭ መስመር አየሁ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ሣሩ በጤዛ ርሷል፤ ኖራው ደረቅ ነው። ከተበተነ ገና አልቆየም።

ያን ቀን ሥራዬን ጨርሼ ጨዋታው ሳይጀመር ወደ ድሮው ሜዳ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳ ያህል ሰዎች በገበያው በኩል ከመስመሩ ውጪ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሻይ ሻጯም አለች። የሚያወራ የለም። በመሃላቸው አንድ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ ከአዲሱ ሜዳ ሆኖ ጨዋታውን የሚነግረው ወዳጅ አለው። እጁን ወደ ቀኝ ሲያነሳ ሁሉም ወደ ቀኝ ያያሉ። ወደ ግራ ሲያነሳ ሁሉም ወደ ግራ። ሜዳው ላይ ሣር ብቻ ነበር።

ሜትሬን አወጣሁ። በሾላው በኩል ባለው መስመር፣ ከዛፉ ራቅ ካለው ማዕዘን ጫፉን በችካል ያዝኩትና መስመሩን ተከትዬ ወደ ዛፉ ሄድኩ። ዘጠና ሰባት ላይ ባንዲራ የለም። መስመሩ አልቆመም። በሥሮቹ ላይ ወጥቶ ግንዱን ነጭ ቀብቶት አለፈ። ሜትሩን በግንዱ ጎን አሳልፌ ወደ ኋላው ስዘረጋ፣ አንድ እጅ ተቀበለኝ።

እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ነበር። ካቺሲ ናቸው የተባሉት ሽማግሌ ከዛፉ ጀርባ ከባንዲራው አጠገብ ተንበርክከዋል። ሜትሩን ከባንዲራው እግር ጋር አስጠጉት።

"አንብበው" አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። "መቶ።"

"ጮክ በል። አዳራሹ ውስጥ እንዳልከው።"

"መቶ!" አልኩ።

በገበያው በኩል የተቀመጡት ሁሉ አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። አንድም ሰው አላጨበጨበም። እንዲሁ አዩኝ። ከዚያ ባለስልኩ እጁን ወደ ግራ አነሳ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ባዶው ሜዳ መለሱ።