በጣት የተለካች ነብር

ባለፈው ሳምንት ሞጣ፣ ቆዳ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት የፍየል ቆዳ ስደረድር አንዱን አንገቱ ላይ ተበስቶ አገኘሁት። ሁለት ቀዳዳ ከላይ፣ ሁለት ከታች። የጥሬ ቆዳው ሽታ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ ሳላስበው ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትሁ።

«ምንድን ነው የበሳው?» አሉኝ ነጋዴው።

«ነብር ነው፣ ሐጂ።»

«ትልቅ ነው ትንሽ?»

ጣቴን ከቀዳዳው አላወጣሁም። ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

የተወለድሁት ከብቸና በታች፣ መሬቱ ወደ ዓባይ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ ያኔ የሆነውን ያኔ አልጻፍሁትም፤ የምነግርህ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደቀረው ነው። አባቴ በጊዜ ሞቷል። የእናቴ ሀብት ፍየሎቿ ነበሩ፤ ሌላ አልነበራትም። ጎረምሳ ሳለሁ፣ መንግሥት ተቀይሮ ጠመንጃ በተሰበሰበ ሰሞን፣ ነብር እነዚያን ፍየሎች እየለቀመ ይበላ ጀመር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በጉብዝናው ወራት ነብር የገደለ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ካስረከበ በኋላ የቀረችው ጦሩ ብቻ ናት። በጦር ደግሞ የሚደፈርም የማይደፈርም ነብር አለ። ትንሽ ከሆነ ይሞከራል፤ ትልቅ ከሆነ ጥሻው ውስጥ የሚቀረው ሰውየው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠኑ መታወቅ ነበረበት። በአካባቢው መሣሪያ የያዘው ሚሊሻው ነበር፤ እሱም «ጥይቱ ለነብር ተብሎ አልተሰጠኝም» ብሎ ተቀመጠ። ሰርግ ሲሆን ግን ይተኩሰው ነበር።

አጎቴ የሞተችውን ፍየል አስገልብጦ ጣቱን በአንገቷ ቀዳዳዎች መካከል አስቀመጠ። ሁለት ጣት ብቻ ገባ። ከዚያ ወንዝ ዳር ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ዱካውን በመዳፉ ዳበሰው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዞረው፤ ጥልቀቱን በትንሿ ጣቱ ሰፈረው፤ ጎኑ ያለውን ጭቃ በጡጫው ተጭኖ የሁለቱን ጉድጓድ አስተያየ። ሰው ከብቦ ትንፋሹን ውጦ ያየዋል። «የእሱ ጣት ያያል» ይሉ ነበር። እኔም እሱ ሲነሣ ተንበርክኬ በጣቴ ሞከርሁ፤ ቀዝቃዛ ጭቃ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ከዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ አውሬ ነቅሎ የሚያወጣው እንዴት ነው? እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

«ከነሕይወቱ ሲያዩትሳ፣ አያ?» አልሁት ስንመለስ።

«ሲያዩት ሁሉም ትልቅ ነው፤ ፍርሃት ያሳድገዋል። አንተ ጆሮውን እይ። ጆሮው ጎልቶ ከታየህ ነብሩ ትንሽ ነው። ራሱ ገዝፎ ጆሮው ከጠፋብህ ግን መንገድህን ቀይር። እንዳትሮጥ እንጂ።»

እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው እየዞረ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። «ግልገል ናት። ነገ እወርድላታለሁ።»

ሚሊሻው ዋንጫውን ሳያስቀምጥ «ግልገል ከሆነችማ ምን ጦር ያስፈልጋል፤ አዝለህ አምጣልን» አለ። ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ወንድሜ፣ ፍየል ይተካል» አለችው፤ እሱ ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ነበር። በኛ አገር ሰንበቴ ላይ የወጣ ቃል አይመለስም። ስንቱ በዚህ በከንቱ ሞቷል።

ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሁለታችን ወረድን። ቁልቁለቱን እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነበር የወረደው፤ ጉልበቱ የደከመ መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ከገደሉ ማዶ ብቅ ስትል ድንጋዩ ሁሉ ቀላ። አንድ ቦታ ቆመና አየሩን ሳበ።

«ፈንድሻ ይሸትሃል?»

የራበው መሰለኝ። ኋላ እኔንም ሸተተኝ፤ ልክ አሁን የተቆላ ፈንድሻ። «ሽንቷ ነው» አለ። «ቅርብ ናት።»

ከዚያ አየኋት። አንድ ሾላ ሥር ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተኝታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ታየናለች። ድንጋይ ቢወረወር ይደርስባታል። ጅራቷ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ጆሮዋን አየኸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አየሁት። ጉልህ ነው። ራሷ ላይ ቆሟል።»

«አላልሁህም? ትንሽ ናት።»

ደስ ብሎኝ ዞር ብዬ ፊቱን አየሁት። አጎቴ የሚያየው እሷን አልነበረም። ከእሷ በስተግራ ያለ ጥቁር ድንጋይ ላይ አፍጥጦ ነበር። ጦሩን አነሣ፤ ጦሩም ወደ ድንጋዩ ዞረ። ያኔ ነው የዓይኑን ብሌን ልብ ብዬ ያየሁት፤ እንደ አጓት ነጥቷል። ጭቃውን በጣቱ የሚዳብሰው፣ ትከሻዬን የሚይዘው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ክንዱን ያዝሁት። «አያ፣ እዚያ አይደለችም።»

ጦሩ አየር ላይ ቆየ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኝ ነበር። ነብሯ ተነሣች፣ ተንጠራራች፣ እኛን ከምንም ሳትቆጥር ወደ ጥሻው ገባች።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጦሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ «ትልቅ ነበር እላቸዋለሁ» አለ። «ፈሪ ይሉሃል» አልሁት፤ አንቱታውንም ረሳሁት። «ይበሉ። ፈሪ ያሉትን ይተዉታል። ዕውር ያሉትን ግን እየመሩ ያውሉታል።»

እንዳለውም አደረገ። ሚሊሻው «ትናንት ግልገል፣ ዛሬ ወይፈን፤ ምን በልታ አደረች?» ብሎ አገር አሳቀ። ጎጃም ውስጥ ፈሪ መባል ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ስሙን እያነሡ ተሣሣቁ። ነብሯ ሌሎች ፍየሎች ወሰደች፤ የተረፉትን እናቴ ከኛ ጋር ቤት ውስጥ ማሳደር ጀመረች። ወንድሟን ለብዙ ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። እኔ የዓይኑን ነገር ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበርና ቃሌን ጠበቅሁ። ዕውርነት ከፈሪነት የሚብስበት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ዘወትር ይገርመኝ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

ከዓመታት በኋላ፣ ኑሮዬን ካደረግሁባት ከሞጣ ልጠይቀው ሄድሁ። ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጦ አገኘሁት። እንደፈራው ሁሉም ይመሩታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ልጆቼ አወራን። ከዚያ ሰው አለመኖሩን ጆሮውን አቅንቶ ካዳመጠ በኋላ፦

«ለመሆኑ፣ ያቺ ነብር ምን ታክል ነበር?» አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖሯል። ፊቱ ተንበረከክሁና ሁለት እጆቹን ያዝሁ። እርፍ ያደረቃቸው መዳፎች ቀልለው ነበር። ትክክለኛውን ልኬት አስታወስሁና እጆቹን ለያየሁለት።

«ራሷ እዚህ ነበር። የጅራቷ መነሻ እዚህ።»

ክፍተቱን በጣቶቹ ዳር አዳመጠው። «ይቺ ብቻ?»

«ይቺ ብቻ ናት።»

«እንግዲያ ልክ ነበርሁ» አለ፤ ጥርስ የሌለው አፉ ሳቅ አለ። «ግልገል ናት ብያቸው ነበር እኮ።»

«ልክ ነበሩ፣ አያ።»

እጆቹን ለቀቅሁለት። እሱ ግን አላወረዳቸውም። ፀሐዩ ላይ እንደዘረጋቸው፣ በመካከላቸው ያለውን እንዳይረብሽ እንደተጠነቀቀ፣ ለረጅም ጊዜ ያዛቸው።