የተቃኑት አንግሎች

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአባታችን በወረስነው ግቢ ውስጥ አውሮፕላን እሠራለሁ። ይህን ስናገር ሰው ፊቴን ያያል፤ እኔም ፊቱን አያለሁ። እንጀራዬ የአልሙኒየም በርና መስኮት መግጠም ነው። ለሰው ቤት ስገጥም «እጇ ወርቅ ነው» የሚሉኝ ሰዎች፣ ለራሴ ስሠራ «ነካ ያደርጋታል» ይላሉ። ይበሉ።

ታላቅ ወንድሜ ግን ከኋላዬ አያማም፤ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። ግቢው የሁለታችን ነው፣ እሱ ደግሞ እኔ የምሠራበት ጥግ ላይ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች መሥራት ይፈልጋል። አውሮፕላን የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ያ ቆርቆሮሽ» ነው የሚለው። ክረምቱ ሲገባ ቁርጡን ነገረኝ።

«መስከረም ሲጠባ ጎንና ጎኑ ካልቆመ ቆራሌው ይወስደዋል፣ እኔም አሸዋ አስመጣለሁ። ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ ግቢውን ይዘሽ አትቀሪ።»

«ይቆማል» አልኩት።

ጎንና ጎኑን የሚይዙት ከአፍንጫው እስከ ጭራው የሚሄዱ አራት ረጃጅም የአልሙኒየም አንግሎች፣ ባለ ማዕዘን ዘንጎች፣ ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ወደ ጭራው ሲጠጉ ቀስ ብለው መጉበጥ አለባቸው። የአጥር በር የሚበይዱት ጎረቤቶቼ «እሳት አስነኪው፣ በአንዴ ይታጠፍልሻል» ይሉኝ ነበር። ይህን አንግል እሳት ከነካው ግን ጥንካሬው ይሄዳል። ስለዚህ ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ጫፉን በአንድ እጄ እየገፋሁ በጎማ መዶሻ መታ አደርገዋለሁ። ትንሽ ሳብ፣ እንደገና መታ። ጣውላ ላይ ካሰመርኩት መስመር ጋር አስተያየዋለሁ። ግራና ቀኙ መንታ ካልሆኑ አውሮፕላኑ ጠማማ ነው የሚሆነው። ሁለቱ ላይኛዎቹ ሲያልቁ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቆሜ አየኋቸው። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

በዚያው ሰሞን አጥር የምንጋራቸው እናት አረፉ። የእነሱ ግቢ ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን እኛ ግቢ ተተከለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ስሠራ ዝናቡ ወረደ፣ ድንኳኑ ላይ ውሃ አቆረ። የእድሩ ሰዎች ከሥር መደገፊያ ሲፈልጉ ግድግዳው ላይ ሁለት ዘንግ አገኙ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ የእድሩ ዳኛ አንግሎቼን ተሸክመው መጡ። ሁለቱም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብለዋል።

«ጎብጠው አገኘናቸው፣ ልጄ። እንዲህማ አናስረክባትም ብለን አቃናንልሽ» አሉኝ።

ኮብልስቶን ላይ አጋድመው፣ በብረት መዶሻ። አንደኛው ተሰንጥቋል፣ ሌላው ሰርጉዷል። የሰውየው ፊት በደግነት ያበራል። «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር በለቅሶ ቤት ምን ይባላል? ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

ስወጣ ወንድሜ በር ላይ ጠበቀኝ። «ምልክት ነው» አለኝ። «እግዜርም አልፈለገውም።»

«እግዜር መዶሻ አልያዘም፤ የያዘው እድሩ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በበራችን ሲያልፍ ጠራሁት። ወንድሜ ድል ያደረገ መስሎት ሻዩን እንደያዘ ወጣ። ሁለቱን አንግሎች ለቆራሌው ሰጠሁትና በሩን ዘጋሁ።

«ሌላውስ?» አለ ወንድሜ።

«ሌላው የትም አይሄድም።»

ለክንፉ ያስቀመጥኳቸውን አንግሎች ከጣሪያው ሥር አወረድኩ። ክንፉ ለኋላ ይቆያል። ከሥራ ስመለስ፣ በእሑድ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ሞርሳው ላይ ነበርኩ። መዳፌ ተላጠ። ወንድሜ ሲያልፍ ያፏጫል፣ እኔ መታ አደርጋለሁ። የጎበጡትን የማስደግፍበት ግድግዳ ላይ በትልቁ በኖራ ጻፍኩ፦ «ሆን ተብሎ የጎበጠ ነው። አታቃኑት!» ቀጣዩ ለቅሶ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በጳጉሜ ጎንና ጎኑ ቆመ። ወንድሜ አላየም፤ ወይም ላለማየት በሌላው በኩል ይዞር ነበር። አሸዋውን ግን አዝዞት ኖሮ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀን ገልባጭ መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በራችን ተጠጋ። እኔ መዶሻዬን ይዤ የአውሮፕላኑ አጽም አጠገብ ቆምኩ። ካስፈለገ ጎማው ሥር ልተኛ ቆርጬ ነበር።

ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከከፈተለት ከወንድሜ ጎን ሆኖ ወደ ውስጥ አየ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? የዶሮ ቤት ነው? አንሱልኛ፣ ልድፋው።»

ወንድሜ አጽሙን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በዓይኑ ሄደበት። ከዚያ ዓይኑ ጎባጣው ላይ ቆመ። እኔን አላየኝም።

«የምን የዶሮ ቤት ነው?» አለ ተቆጥቶ። «አውሮፕላን ነው። ወደ ኋላ እንዳትመጣ፣ ትነካዋለህ። አሸዋውን ውጭ ድፋው።»