እትዬ እፍ እና አዲሱ መቁረጫ

በላቦራቶሪው «እትዬ እፍ» ነው የሚሏት። የገባችው ወለል ልትጠርግ ነበር፤ ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና ከሦስተኛ ክፍል ነው። የቀድሞው ቆራጭ ሲሠራ እያየች ለመደችና እሱ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ በሰም ይታሸጋል፤ እሷ የማሽኑን እጀታ እያዞረች ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጠዋለች። ሰሙ ሲደርቅባት ጠጋ ብላ እፍ ትልበታለች፤ ሞቅ ሲለው ይለሰልስላታል። ቅጽል ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው። ሃያ አንድ ዓመት እፍ ስትል ኖረች።

ዘንድሮ በራሱ የሚዞር መቁረጫ መጣ። ሥጋው እንዳይቀደድ ስስ ቴፕ ይለጠፍበትና ቁራጩ ከቴፑ ጋር ይነሳል። የምታሠለጥናት በዕድሜ ልጇ የምትሆን ባለሙያ ናት።

«እትዬ፣ የሰሙ ፊት ደረቅ ይሁን። ትንሽ ከረጠበ ቴፑ አይዝም። ግድግዳው ላይም ለጥፌዋለሁ፤ ያነቡታል።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል።»

ጽሑፉ ረጅም ነበር። ፊደል እየቆጠረች ስታነብ እንዳትታይ አፍራ ተወችው።

ማክሰኞ ጠዋት የምስር ፍሬ የምታህል ናሙና መጣች፤ ከአንዲት ሴት ጡት የተወሰደች። እትዬ እፍ ቴፑን ሳትለጥፍ አፏ ቀደማት። እፍ! ቴፑ ተንሸራተተ፤ ቁራጩ ተጨማዶ ወደቀ። ደንግጣ ሰሙ ደርቆ ነው ብላ ደገመችው። በአምስተኛው ቁራጭ ሥጋው አልቆ ባዶ ሰም ብቻ ቀረ።

ሐኪሙ መጥቶ የተቆጣው አሠልጣኟን ልጅ ነው። «ማሽንሽ ናሙናውን በላው! ሴትየዋን እንደገና ልወጋት?»

«ይቅርታ ዶክተር፣ ሳስተካክለው ተሳስቼ ይሆናል» አለች ልጅቷ።

እትዬ እፍ ጓንቷን ስታወልቅ ስታጠልቅ ቆየች።

እትዬ እፍ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ በሽተኛዋ ከእህቷ ጋር ተቀምጣለች፤ አስቆማ ጠየቀቻት፦ «እቴ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«ማሽኑ ደህና ነው። እኔ ነኝ። መርጠብ የለበትም ተብዬ ተነፈስኩበት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!» ብላ እህትየው ብድግ አለች። በሽተኛዋ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻትና ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«አሁንስ የሚቆርጠው ማን ነው?»

«ባለሙያዋ ልጅ» አለች እትዬ እፍ፣ መሬት መሬት እያየች።

ለሐኪሙም ልጅቷ ባለችበት ነገረችው። ከሰዓት በኋላ ከሴትየዋ እንደገና የተወሰደው ናሙና ሲመጣ ወንበሯን ለቀቀች። የአፍ መሸፈኛ አጥልቃ፣ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«አይ፣ አንቺ ቁረጪ። ስትጨርሺ ያንን የግድግዳውን አንብቢልኝ፤ እኔ ማንበቡ ብዙም አይሆንልኝም።»