ጋሼ የሌሉበት ምርጫ

ለከተማው ምክር ቤት ድጋሚ እንድወዳደር የጠየቁኝ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ግንቦት ነበር፤ ሸዋ ሮቢት በግንቦት እንዴት እንደምትነድ የሚያውቅ ያውቃል። የስፌት ሱቄ ቆርቆሮ በከሰዓት ፀሐይ እየተንጣጣ፣ እኔም የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ ሳለ የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ምርጫው ሲራዘም ቆይቶ በመጨረሻ ሊደረግ ነው፣ ሥራውን ለምደሽዋል፣ ሌላ ሰው ከምናለማምድ አንቺው ቀጥዪ አሉኝ። ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ከወጡ በኋላ ነው፣ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ፣ ስለ ሁለተኛው ወንበር አንድም ቃል እንዳልተነፈሱ ያስተዋልኩት።

የእኛ ሰፈር በምክር ቤቱ ሁለት ወንበር አለው። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው የጋሼ ነው።

ጋሼ የምላቸው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የሽንኩርትና የማንጎ ነጋዴ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ እናታቸው ከአርጎባ ወገን ስለሆኑ ሲበሳጩ እኛ የማይገባንን ቃል ጣል ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ምርጫ እኔ ሰው ፊት መናገር እንኳ የማልችል ዓይነ አፋር ነበርኩ። አብረን ቤት ለቤት እንድንዞር ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። የሙስሊሙን በር እኔ እንዳንኳኳ አደረጉ፣ የክርስቲያኑን እሳቸው አንኳኩ። በጾም ቀን ክርስቲያን ቤት ሲገቡ ቀድመው፣ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ካለ ብቻ ይበቃኛል ይሉ ነበር። ሁለታችንም ተመረጥን። በስብሰባ ላይ እኔ ተናግሬ ስቀመጥ፣ እሳቸው ከመነሳታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያ ድምፅ ሲሰማ የሚያወራው ሁሉ ዝም ይላል።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። አጣዬ ተቃጠለች። ከዚያ የሸሹ ሰዎች ፍራሻቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ እኛ ይጎርፉ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የተፈናቀለውን ሕዝብ የት እናሳርፍ ሲባል፣ መንገዱ ላይ የሁለት መንደር ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፣ ሽማግሌ ካልደረሰ ይተላለቃሉ የሚል ወሬ መጣ። ጋሼ ተነሱ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። በአንድ ሚኒባስ ሄዱ።

የተመለሱት የነገሩን ይህን ነው። ከመኪና ወርደው ሊያናግሩ ሲጠጉ ተኩስ ተከፈተ፤ ማን እንደጀመረ አላዩም። ሁሉም በየአቅጣጫው ማሽላ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ በእሾህ ተቧጭረው፣ ቤታቸው ደረሱ። ጋሼ አልደረሱም። አስከሬናቸውም አልተገኘም።

ወሬ ግን አላለቀም። አንዴ አፋር በኩል አንድ ግመል ነጂ ቤት ታመው ተኝተዋል ተባለ። ሌላ ጊዜ ደሴ አንድ መስጊድ በር ላይ ስሙን የረሳ ሽማግሌ አለ፣ እሳቸውን ይመስላል ተባለ። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ እያንዳንዱን ወሬ ተከትለው ሄደዋል። በሄዱ ቁጥር ከስተው ይመለሳሉ። ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ኢዳም አልተቀመጡም፣ ሰደቃም አላወጡም። ባሏ ያልሞተ ሴት ምን ልሁን ብላ ታለቅሳለች ይሉ ነበር።

ከተማውም ከእሳቸው ጋር ተስማማ። በአዳራሹ ውስጥ የጋሼን ወንበር የሚነካ አልነበረም። ስለ እሳቸው ስናወራ ሁላችንም ናቸው እንጂ ነበሩ አንልም፤ ማንም እንዲህ በሉ ሳይለን ለመድነው። ከላይ እኔም ስጽፍ ያንኑ አደረግሁ፤ ምላሴ እንጂ እጄ ገና አልለቀቀውም። እኔ ተናግሬ ስቀመጥ አዳራሹ ለአፍታ ጭር ይላል። ሁላችንም ምን እንደምንጠብቅ እናውቅ ነበር።

ቅስቀሳ ስጀምር ብቻዬን ነበርኩ። ድሮ ሁለት ሆነን የዞርንበት ሰፈር ብቻውን ለሚዞር ሰው ይረዝማል። አንዳንዱ ቤት ግድግዳው በዚያ ክፉ ጊዜ እሳት ጠቁሮ ላዩ በአዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። አንዱን በር ከልማድ የተነሳ አንኳኩቼ፣ ቆሜ ጠብቄ፣ ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከገባ መቆየቱ ትዝ ያለኝ ጎረቤት ወጥታ ስታየኝ ነው።  ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች።

ከሰፈሩ ጫፍ ዓይናቸው የማያይ አንድ አዛውንት አሉ። በድምፄ አወቁኝና ከመደባቸው ሳይነሱ እጄን ያዙ። ስለ ውኃው፣ ስለ ቦዩ ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ከእኔ ወዲያ ወደ በሩ አዞሩ።

"ጓደኛሽስ ለምን አይገባም?"

"እሳቸው የሉም አባባ። ብቻዬን ነኝ።"

"እግሩን ሰማሁት እኮ" አሉ። "አብራችሁ ነው የመጣችሁት።"

ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ከፀሐይ በቀር ምንም አልነበረም። ግን ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወደኋላዬ ማየት አልደፈርኩም፤ ብዞር የማገኘውን ፈራሁት ወይስ የማላገኘውን፣ ዛሬም አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ለጋሼ ወንበር ዕጩ ተገኘ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ጨዋ ወጣት፣ እሱም ሙስሊም። ሱቄ መጥቶ፣ እትዬ ሳያውቁ ስሜ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሰው ፊት መቆም አልችልም፣ አንቺ ቀድመሽ አናግሪልኝ ብሎ ለመነኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

እትዬን በረንዳቸው ላይ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው፣ ማሾ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚቀመጡት። ከአጣዬ በኩል የመጣ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ እጃቸው ይቆማል፤ መኪናው ሲያልፍ ለቀማው ይቀጥላል። ውኃ አስመጡልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። እኔ መጀመሪያውን ሳጣ እሳቸው ጀመሩት።

"ለምርጫው ነው የመጣሽው።"

"አዎ እትዬ።"

"አንቺ ትወዳደሪያለሽ፤ አላህ ያግዝሽ። የእሱስ ነገር?"

ስለ መምህሩ ነገርኳቸው። ወንበሩ ባዶ ይቆይ ማለት በእኔ እጅ እንዳልሆነ፣ ሕጉ እንደማይፈቅድ፣ ሰፈሩም ሁለት ድምፅ እንደሚያስፈልገው አስረዳሁ። ስናገር የራሴ ድምፅ ለራሴ ይቀፈኝ ነበር። እትዬ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አሉ። "የልጅ ልጄን አስተምሯል። ጥሩ ልጅ ነው።" ማሾውን በመዳፋቸው ሰበሰቡት። "ባለቤቴ ሲመጣ ግን የት ይቀመጣል?"

 ብርጭቆውን አስቀምጬ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ማታ ለባለቤቴ መወዳደሩን ልተወው ነው አልኩት። ባለቤቴ በሮቢ ወንዝ ውኃ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ ብዙ አያወራም። አንቺ ብትተይው የእሳቸው ወንበር ባዶ ይቀራል እንዴ? ይልቅ ያንቺም ወንበር ላይ እሳቸውን የማያውቅ ሰው ይቀመጣል፣ አለኝ። አመዛዝኜ ሳየው እውነቱን ነው። ግን ለብዙ ቀን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ዓይኔን ስጨፍን እትዬ ማሾ ሲለቅሙ፣ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ፣ እጃቸው ሲቆም ይታየኛል።

ዕጩዎች ከሕዝብ ጋር የሚገናኙበት ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። ስለ ቦኖ ውኃውና ክረምት በመጣ ቁጥር ስለሚያጥለቀልቀን ቦይ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ልጁን የቀበረ አንድ ሰው ከመሐል ተነሳ። አልጮኸም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

"እናንተ ተቀምጣችሁ ሽማግሌውን ላካችሁት። አሁን ደግሞ ምረጡን ትሉናላችሁ።"

 ስለ ውኃው ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ ወጣ። ማንም አልላካቸውም አልኩት። በቦታው ነበርኩ። ወሬው ሲመጣ ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ እሳቸው ቆባቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጋሼ ይቅርብዎ፣ ወታደር ይላክ ስላቸው የመለሱልኝን ለዚያ ሰው ነገርኩት፤ ከዚያን ቀን በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። "በሁለቱም በኩል የቆሙት ሽንኩርት የገዙኝና የሸጡልኝ ሰዎች ናቸው። ፊቴን ሲያዩ ያፍራሉ" ነበር ያሉት።

"ያፍራሉ ብለው ነው የሄዱት" አልኩ። "ጋሼ በሰው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ነበሩ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የተናገረኝ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀና ስል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ እትዬን አየኋቸው። መቼ እንደገቡ አላውቅም። ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ትናንት ነበሩ አልሽ።"

"አዳልጦኝ ነው እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አላዳለጠሽም።" የጨርቅ ቁራጭ ከመሬት አንስተው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉት ጀመር። "ልጆቼ እኔን ይፈራሉ፣ እኔ እነሱን እፈራለሁ። ኢማሙም እኔን ይፈራሉ። እንዲህ እየተፈራራን ሰውዬውን መንገድ ላይ አቆምነው። አይመጣ፣ አያርፍ።"

ከዚያ አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሱቁን መልሼ ዘጋሁና አብረን ወደ ኢማሙ ሄድን። በቀጣዩ ጁምዓ አስከሬን ለሌለው ሰው የሚሰገደው ስግደት ተሰገደላቸው። እኛ ክርስቲያኖቹ በመስጊዱ አጥር ውጭ ቆምን፤ ከዚያ ለለቅሶ እትዬ ግቢ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ያልተነገረ ሁሉ ትዝ አላቸው፤ ጋሼ እንዴት እንደሚቆጡ፣ የበሰበሰ ማንጎ ሸጠ ያሉትን ነጋዴ እንዴት በገበያ መሐል እንዳሳፈሩት፤ ሰው አንዳንዴ ይስቅ ነበር። መምህሩ ውኃ ሲያመላልስ ዋለ። እትዬ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ምን እንዳሉት ጠይቄው አልነገረኝም።

ምርጫው በሰላም አለፈ። መምህሩም እኔም ተመረጥን። እትዬ ጠዋት በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በምርኩዝ መጥተው ድምፃቸውን ሰጥተው ሄዱ። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ግን የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ ቦዩ ተናግሬ ስቀመጥ ልክ እንደ ድሮው ጆሮዬ ቆመ። መምህሩ ቀጥሎ ተነስቶ ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ግን አልሰማኋቸውም።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሽት እትዬ ቦታውን ልየው አሉኝ። እስከዚያ ቀን ያልሄዱበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር። ከተመለሱት ሽማግሌዎች አንዱ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ዋርካ ያለበት ነው ብለው አስረዱን። በሚኒባስ ሄደን ዋርካው ጋ ወረድን። ምንም የሚታይ ነገር የለም። መንገድ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማሽላ፣ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ማማ፣ ነፋስ። ነፋሱ በማሽላው ውስጥ ሲሄድ ሰው የሚራመድ ይመስላል። እትዬ ያንን ድምፅ ቆመው አዳመጡ፤ እኔም አዳመጥኩ።

አንዲት ገበሬ ሣር ተሸክማ ከማሽላው ውስጥ ወጣች። ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛ ሰላም ብላን፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው? አለችን። እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ።

"ባሌ" አሏት። "እዚህ ነው የሞተው።"

ሴትየዋ ሸክሟን አወረደች። እዚህ ብዙ ሰው ነው የሞተ፣ የኔም ወንድም፣ አለች። እነማን እንደገደሉት አልተናገረችም፣ እትዬም አልጠየቋትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አማተብኩ። ከዚያ ሴትየዋ ሸክሟን እንድናሸክማት ጠየቀችን፤ አሸከምናት፤ በቀጭኑ መንገድ ወደ መንደሯ ሄደች።

በተመለስንበት ሚኒባስ እትዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ቀለል ብሏቸው ነበር፤ ስለ ልጃቸው ሰርግ፣ ስለ ማንጎው ዋጋ አወሩኝ። መኪናው በየመንደሩ እየቆመ ሰው ይጭን ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ወሬያቸው መሐል ላይ ይቋረጥና የሚገባውን ሰው ፊት ያያሉ። ሰውዬው ሲቀመጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ እንደዚያ ሆነ። እኔም፣ ለእሳቸው ሳልነግራቸው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አብሬ ዞር እል ነበር።