በጣቢያው ወለል ላይ የሣልነው ካርታ

ታስሬ ነበር ለማለት እፈራለሁ፤ ዓመታት የታሰሩ ሰዎች አሉና። የእኔ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ነው። ቢሆንም በሩ ከውጭ ሲቆለፍ የሰማሁት ድምፅ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እስራኤል አገር ቤርሼቫ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ በሚሉት አሮጌው ከተማ ውስጥ ሰልፍ ወጥተን ነበር፤ ጎንደር የቀሩት ዘመዶቻችን ይምጡልን ብለን። እኔ የታላቅ እህቴን ፎቶግራፍ ይዤ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥሁ። ተነሽ አሉኝ፤ አልተነሣሁም። ሁለት ፖሊሶች ብብቴን ይዘው አነሡኝ። አልመቱኝም። ፎቶግራፉ ግን ከእጄ ወደቀ።

ጣቢያ ወስደው የቆለፉብኝ ክፍል ጠባብ ናት። የሲሚንቶ ወለል፣ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ አግዳሚ፣ የበረኪና ሽታ። ሰልፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዛ ስትጮህ ያየኋት ወጣት ቀድማኝ ገብታለች። ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች።

«መቱሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ሎ፣ እማማ፤ አልመቱኝም። ነገ ጠዋት ባግሩት አለኝ፤ ጂኦግራፊ። ባለፈው ወድቄያለሁ።»

ባግሩት የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና ነው። እሱን ካላለፈች የነርስነት ትምህርት አትገባም።

«ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?»

«ካርታው። ‹የአገሩን መልክዓ ምድር በንድፍ ካርታ አስረጂ› ሲሉኝ እጄ ይደርቃል።»

ሳቄ መጣ። ጎንደር ሳለሁ አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርሁት ይኸንኑ ነው። እዚህ ግን ኤመቅ ሳራ የሚባል ሰፈር ካለ ፋብሪካ ወለል እወለውላለሁ።

የሰጡንን ውኃ በላስቲክ ኩባያው አምጥቼ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ጣቴን ነከርሁ።

«ሁሉን ልሣል አትበዪ፤ ጊዜሽን ይበላዋል። ይኸ የባሕር ዳሩ ሜዳ። ይኸ ተራራው። ይኸ ስምጥ ሸለቆው። ከታች ይኸ ሦስት ማዕዘን የነጌቭ በረሃ ነው፤ እኛ ያለንበት። አሁን ከባሕሩ ቀስት አውጪ። ነፋሱ እርጥበት ይዞ ተራራውን ሲወጣ ይዘንባል። ከተራራው ወዲያ ምን ይተርፈዋል?»

«ምንም።»

«ስምጥ ሸለቆው ደረቅ የሆነው ለዚያ ነዋ! ካርታው ባያምር ግድ የለም። ለምን እንደሆነ ካሳየ በቃ።»

ሙቀቱ የሣልሁትን ሁሉ ወዲያው አደረቀው። እንደገና ሣልሁ። ሦስተኛውን እሷ ሣለች፤ አራተኛውን ሳትጠይቀኝ ጨረሰች። እንባዋ ቆሟል።

«ስምጥ ሸለቆው እዚህ አያበቃም» አልኋት። በጉልበቴ እየዳህሁ መስመሩን በቀይ ባሕር በኩል ወደ በሩ ሳብሁት። «እዚህ አፋር ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ ደጋው፤ ጎንደር።»

ጎንደር ባልሁት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እናቴ ጎንደር ነው የተወለደች፤ እዚህ ጋ ማለት ነው?»

«እዚያው አካባቢ ነው።»

«እኔ የተወለድሁ እዚህ እስራኤል ነው፤ ይኸን ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም» አለች። እስኪደርቅ ድረስ ጣቷን አላነሣችም።

አመሻሹ ላይ ሊፈቱን ጠሩን። አንድ ፖሊስ ቅጽ ይሞላል። የእኔ ዕብራይስጥ ስለማይበቃ ልጅቱ ትተረጉምልኛለች። ሥራ የሚለው ላይ ሲደርስ ሳይጠይቀኝ ጻፈ።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«ጽዳት» አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

«ልክ ነው። መምህርት የሚለውንም ይጨምር።»

ነገረችው። አሁን የምትሠራውን ነው የምጽፈው አለ።

«ዛሬም ሳስተምር ነው የዋልሁ በዪው። ካልጻፈው አልፈርምም።»

ልጅቱ ቀና ብላ፣ ድምፅ ማጉያ እንደያዘች ሁሉ ጮክ አድርጋ ነገረችው። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ጻፈ። አስነብቤ ፈረምሁ።

እህቴ እስካሁን አልመጣችም። ልጅቱ ፈተናውን አልፋ ዘንድሮ ነርስነት እየተማረች ነው፤ አርብ አርብ ትደውልልኛለች። ያንን ቅጽ ማንም ተመልሶ እንደማያየው አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ፣ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ ሁለቱንም እነግረዋለሁ።