የማዳም መርየም ጥጥና የዘሀራ መዳፍ

ዘሀራ የወረባቦ ልጅ ናት። ኩዌት፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ስድስት ዓመት ጠርጋለች፣ ወልውላለች፣ ሌላ ሰው የወለዳቸውን ልጆች አባብላ አስተኝታለች። የራሷን ልጅ ሳሚያን የሁለት ዓመት ሆና ነው ትታት የወጣችው። ኮሮና ሲገባ ሳሚያ ስምንት ዓመት ሞልቷት ነበር። እናቷ ስትደውል "ስልኳ መጣች" ትላለች አሉ። እናት ማለት ለእሷ ቻርጅ የሚያልቅበት ነገር ነው።

የዘሀራ ውል ያለቀው ገና ወረርሽኙ ሳይገባ ነው። ፓስፖርቷ ግን አሠሪዋ ማዳም መርየም ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከሽቶዎቹ ጀርባ ይኖራል። ከባለቤቱ ይልቅ ጥሩ ጥሩ ይሸታል።

ሰዓት እላፊው ሲታወጅ ማዳም መርየም ታመመች። በኮሮና አይደለም፤ በሥራ ፈትነት። መጀመሪያ ዳቦ ጋገረች፤ ዘሀራ አቦካች። ቀጥሎ አትክልት ተከለች፤ ዘሀራ ቆፈረች። በመጨረሻ አንዲት ፈረንጅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ ብርድ ልብስ ስትሰፋ ስልኳ ላይ አየችና የተፈጠረችበትን ምክንያት አገኘች። ልጇ ልትወልድ ደርሳለች፤ የሚመጣው ሕፃን አያቱ በገዛ እጇ የሠራችው ብርድ ልብስ ከሌለው ይበርደዋል። ኩዌት ውስጥ፣ በሐምሌ።

እንዲህ ያለው ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ያሸበረቀው ጨርቅ፣ ከታች ገበሩ፣ መሃል ላይ ማንም የማያየው ስስ የጥጥ ንጣፍ። ንጣፉ የሚመጣው አየሩ ተመጦ፣ ታጥፎ፣ እንደ ጡብ ተጠቅጥቆ ነው። ሲፈታ የመቶ ዓመት ሰው ፊት ይመስላል። እጥፋቱ ሳይወጣ ከተሰፋ ደግሞ ላዩ ላይ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ማዳም ጥጡን ዘሀራ ክፍል ውስጥ ጣለችው።

"እዚህ ዘርጊው። ሁለት ቀን ተዘርግቶ ይረፍ ትላለች ፈረንጇ። ሳሎኑን ለፎቶ እፈልገዋለሁ።"

"እኔ የት ልተኛ፣ ማዳም?"

"በር አካባቢ ቦታ አለ።"

ጥጡ አረፈ። ዘሀራ ቆማ አደረች ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ቁርስ ስታቀርብ ድፍረቷን አሰባሰበች። "ማዳም፣ ወደ አገር የሚመልስ አውሮፕላን አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ። ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል።"

"ብርድ ልብሱ ሲያልቅ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ። ሽብሽብ ካየሁበት ግን አላለቀም።"

አርዲያ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዋ ፋናዬ የፀጉር ቤት ሠራተኛ ናት። ፀጉር ቤቱ ስለተዘጋ ሥራዋ በስልክ ሰው መምከር ሆኗል።

"አንቺ፣ ሽብሽቡን እንዳለ ተይላት። ሲያብጥባት ተናዳ ትወረውረዋለች፣ አንቺም ትገላገያለሽ።"

"አማና ነው፣ ፋኒዬ፣ አደራ። የሰው ዕቃ አበላሽቼ በምን እጄ ልጄን ላቅፋት?"

"እሺ ካውያውን አግለሽ ለጥፊበት። ግማሹ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። ጥጥ መስሎኝ በያት።"

"ካሳመርኩላት ትለቀኛለች። ልብ አላት እኮ።"

"ልብማ አላት። ፓስፖርትሽን የቆለፈችበት እዚያ ይሆናል።"

በአብዮቱ፣ በበራሪ ወረቀቶቹ ዘመን እኛ ይህን "የንቃተ ኅሊና ጉድለት" እንለው ነበር፤ በየመንደሩም የሠርቶ አደሩ እጅ ዓለምን ያቀናል እያልን እንለጥፍ ነበር። ይኸው፣ የሠርቶ አደሯ እጅ ጥጥ አቀናች። ሥራ ካሳመርኩለት በዝባዡ ይለቀኛል ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ደግሞ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ ራሱን ይጠብቃል።

አቀናችው፣ ያውም እንዴት አድርጋ። አልጎተተችውም፤ ጥጥ ሲጎተት ይሳሳል። ጭጋግ የሚያህል ውሃ ረጨችበት። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ፣ የሕፃን ሆድ እንደምታሽ እናት፣ ገፋችው። እልኸኛውን እጥፋት ከእርጥብ ፎጣ ጋር ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ ከትታ በዝቅተኛ ሙቀት አሥር ደቂቃ አዞረችው። የቀረውን ነጠላዋን አልብሳ፣ ካውያውን ሳታስነካ በእንፋሎቱ ብቻ አባበለችው። በሳምንቱ ጥጡ እንደ ረጋ ወተት ተኛ። ማዳም ሰፋችው። ብርድ ልብሱ ከሐሙስ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ረቡዕ አለቀ።

ረቡዕ ማታ ማዳም ፎቶውን ለጠፈች፤ "በገዛ እጄ" ብላ። ሐሙስ ጠዋት ዘሀራ ሻንጣዋን ዘግታ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ደረጃው ስር ቆመች።

"የት ነው?" አለች ማዳም፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

"አውሮፕላኑ፣ ማዳም።"

"ስድስት ሴቶች እንደዚህ ያለ ሥሪልን ብለውኛል። እንደ አንቺ ጥጥ የሚያቀና ከየት ላምጣ? ስትጨርሺ ትሄጃለሽ።"

አውሮፕላኑ ሄደ። ሳሚያም "ስልኳ አልመጣችም?" ብላ ጠየቀች አሉ።

አምስቱን ሠርተው ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ኮሮናው ቤት ገባ። ያመጡት ለሽርሽር የወጡት የማዳም ወንድሞች ናቸው፤ የተቆለፈባት ግን ዘሀራ ናት፤ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት። ሩዙን በሩ ስር አስቀምጠው ይሮጡ ነበር። እያሳላት እንኳ የሚያሳስባት ያልተዘረጋው ጥጥ ነበር።

ማዳም ግን ትዕግሥት አልፈጠረባትም። ጥጡን ከነእጥፋቱ አስገብታ ሰፋችው። ጎበጠ፣ ተኮማተረ። እንደዚያው ለጠፈችው።

ዘሀራ ድና ስትወርድ ማዳም በሳቅ ተቀበለቻት። "ነይ እዪ፣ ዘሀራ። ከሁሉም አብልጠው የወደዱት ይሄንን ነው። 'የእውነት የእጅ ሥራ' ይላሉ፣ 'የድሮ ሰው የሠራው ይመስላል'። ልስልሱ የፋብሪካ መስሏቸው ነበር። ከእንግዲህ በማቃናት አትልፊ።"

ዘሀራ እጇን ዘረጋች። "ታዲያ ፓስፖርቴን ይስጡኝ፣ ማዳም።"

"ውሰጂ፣ ማን ከለከለሽ? አውሮፕላን ግን እስከሚመጣው ዓመት የለም ይላሉ። እስከዚያ መስኮቶቹን ትወለውያለሽ።" ከዚያም፣ ልብ አላትና፣ አንድ ትንሽ ብርድ ልብስ ወረወረችላት። ራሷ መጀመሪያ የተለማመደችበት፣ የተጨማደደ። "ለልጅሽ።"

ዘሀራ ክፍሏ ገብታ ከጥጥ ነፃ በወጣው አልጋ ላይ ዘረጋችው። ተንበርክካ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ ትገፋው ጀመር። የተሰፋ እጥፋት እንደማይወጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ኩዌት ውስጥ የለም። ማዳም "ዘሀራ፣ መስኮቱ" ብላ እስክትጠራት ድረስ ትገፋው ነበር።