ጊደሯ ወደ ማን ሄደች

ጎረቤታችን በራሶ ጊደራችንን በጨው አታልሎ ወስዶብናል። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ባቆምም፣ ለዚህ የሚሆን ፊደል አላጣም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ዲላ የምትማረው የልጅ ልጄ ትዕግስት ናት። ባለፈው ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "እንስሳ ምን አይቶ፣ ምን አሽትቶ መንገዱን እንደሚመርጥ በስሌት እየሠራሁ ነው" አለችኝ። ጥርስ የሌለበት ድዴ ያመመኝ መሰለኝ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቡናው ቀልቷል፤ የመንደራችን የጪጩ መንገድ በጭቃ ያዳልጣል። ጠፍታ የከረመችው ጊደራችን በበራሶ የእንሰት ጓሮ ታስራ ተገኘች። የእኛ ለመሆኗ ግራ ጆሮዋ ምስክር ነው፤ የተሰነጠቀው በአባቴ ዱላ ነበር። በራሶ ግን፣ "ጆሮው የተቀደደ ከብት እዚህ አገር ሞልቷል" ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌዎች አባቴንና በራሶን ፊት ለፊት አቁመው ጊደሯን መሐል ለቀቋት። የሄደችለት ሰው ባለቤቷ ነው ተባለ። አባቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ በራሶ ሮጠችና መዳፉን ትልስ ጀመረች።

"ጨው ነው። ከኪሱ አውጥቶ እጁን ሲያሽ አይቻለሁ" አልኩ።

የበራሶ ወንድም አፌን በቡጢ መታኝ፤ ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። አባቴ የሰውየውን ግንባር በዱላ ፈለጠው። ዘመድ ከዘመድ ተያያዘ፤ ጭቃው ቀላ። ሽማግሌዎቹ "ይህች ውሸታም ሰው ልታጋድል ነበር" ብለው ጊደሯን ለበራሶ ሰጡ። ቤት ስንገባ አባቴ "ቀድመሽ ለምን አልተናገርሽም?" እያለ ክንዴን ሰበረው። እናቴ ቆጮውን በጎመን አለስልሳ ስታጎርሰኝ ደም ደም ይለኝ ነበር። ክንዴ ዛሬም አይዘረጋም። ለእሱም የምከሰው በራሶን ነው። ከብት የሚያስበው በምላሱ ነው እያልኩም ይኸው አረጀሁ።

ይህን ሁሉ ለትዕግስት ነግሬያት፣ "በይ ጨውን ስሌትሽ ውስጥ አስገቢው" አልኳት።

"አስገባሁት። ወደ በራሶ ሄደች።"

"አላልኩሽም?"

"ቆይ እስኪ። አባትሽ በእጁ ምን ይዞ ነበር?"

"ዱላውን ነዋ። መቼ ተለይቶት ያውቃል።"

"ጊደሯንም ይመታት ነበር?"

"ያልመታው ምን አለ።"

ዱላውንም ጻፈች።

"አሁን ጨውን አውጪው። ፍርድ ከሆነ ፍርድ ይሁን" አልኳት።

አወጣችው። ጊደሯን ኮምፒውተሯ ላይ ደጋግማ ለቀቀቻት። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣

"ያለ ጨውም ወደ በራሶ ነው የምትሄደው፣ አያቴ" አለችኝ።